የመተካት ትምህርት ምንድን ነው?

የመተካት ትምህርት ማለት፣ እስራኤል መሲሑን ባለመቀበሏ እግዚአብሔር ከአይሁድ ጋር የገባውን ቃል ኪዳን ትቶ ምርጫውንና ተስፋውን ለቤተ ክርስቲያን አሳልፎ ሰጥቷል የሚል አስተሳሰብ ነው። ለገጣፎ አካባቢ በምካፈልበት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ትምህርቱ በስሙ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም፤ «ጌታን ስለ ሰቀሉ ተጥለዋል» የሚለው አነጋገር ግን ማንም ሳይሞግተው ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የሰቀሉት የሮም ወታደሮች እንደ ነበሩ፣ ጌታ ራሱም ሐዋርያቱም አይሁድ እንደ ነበሩ በዚያ ሰዓት የሚያነሣ የለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 11 ከአሕዛብ የመጡትን አማኞች በወይራው ላይ እንደ ተተከለ የበረሃ ቅርንጫፍ ቆጥሮ፣ በተሰበሩት ቅርንጫፎች ላይ እንዳይመኩ በግልጽ ያስጠነቀቀው ምዕራፍም እምብዛም አይነበብም።

አስተሳሰቡ ከጥንት አባቶች ዘመን ጀምሮ የነበረ ሲሆን የ16ኛው ክፍለ ዘመን የፕሮቴስታንት ተሐድሶም አላስቀረውም። የተሐድሶው መሪ ማርቲን ሉተር በ1543 እ.ኤ.አ. ምኩራቦች እንዲቃጠሉና የአይሁድ ቤቶች እንዲፈርሱ ጽፏል፤ ናዚዎችም ጽሑፉን ለቅስቀሳቸው ተጠቅመውበታል። በአሜሪካ የምትገኘው ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ይህን የሉተርን ቃል በይፋ ያወገዘችው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው።

ይህ ሲነሣ በእኛ ዘንድ ብዙዎች «እኛ እስራኤልን እንወዳለን፤ ስለ እርሷም እንጸልያለን» ብለው ይመልሳሉ። ይህ ፍቅር በአብዛኛው የተቀዳው ሰባኪው ጆን ኔልሰን ዳርቢ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካስተማረውና በ1909 እ.ኤ.አ. የታተመው የስኮፊልድ ማብራሪያ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ በአክራሪ ፕሮቴስታንቶች መካከል ካስፋፋው፣ እስራኤልንና ቤተ ክርስቲያንን ከሚለያይ ትምህርት ነው። እርግጥ ነው፣ ይህ ትምህርት መተካትን ይቃወማል። ሆኖም አይሁዳዊውን የመጨረሻው ዘመን ምልክት አድርጎ ስለሚያየው፣ ከዘካርያስ 13 ተነሥቶ በመጨረሻው ዘመን ይመጣል በሚባለው ታላቁ መከራ ከአይሁድ ከሦስት እጅ ሁለቱ እንደሚጠፋ ያለ አንዳች ሐዘን የሚሰብክ አስተማሪም ያፈራል። በአሜሪካ የደቡብ ባፕቲስት ጉባኤ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቤይሊ ስሚዝ በ1980 እ.ኤ.አ. እግዚአብሔር የአይሁዳዊን ጸሎት አይሰማም ብለው በአደባባይ ተናግረዋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ንቀት በአገራችን የራሱ ሥር ያለው መሆኑ ነው። ቤተ እስራኤላውያን «ፈላሻ» እየተባሉ ርስት ተነፍገው ኖረዋል፤ ሸክላ በመሥራታቸውና ብረት በመቀጥቀጣቸውም «ቡዳ» ተብለዋል። በጸሎት ሰዓት ስለ ኢየሩሳሌም ሰላም የሚያለቅስ ወንድም፣ ከጸሎቱ በኋላ ስለ አንድ ሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ይህንኑ ቃል ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱ ንግግሮች እርስ በርስ እንደሚጣሉም ከመካከላችን የነገረው ሰው አልነበረም።