«ካዡዋል» እና «ሃርድኮር» የሚለየው ኮንሶሉ አይደለም

ኮንሶል ማለትም የጌም መጫወቻ መሣሪያን በተመለከተ «ዊ የካዡዋል ኮንሶል ነው፣ ፕሌይስቴሽን የሃርድኮር» የሚለው አባባል እየተደጋገመ ብዙዎችን ስላሳሳተ ነገሩን እናጥራው። ቃላቱ የሚገልጹት ተጫዋቹ ለጌም የሚሰጠውን ጊዜና ለመልመድ የሚያወጣውን ጉልበት ነው። ካዡዋሉ ሩብ ሰዓት ተጫውቶ ይነሳል፤ ሃርድኮሩ አንዱን ጌም ለሳምንታት ያጠናል። የዕድሜ ጉዳይ አይደለም።

ኮንሶሉ «ካዡዋል» ወይም «ሃርድኮር» የሚባለው ኩባንያው በቅድሚያ ማንን ለመሳብ እንዳሰበ ታይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኒንቴንዶ ዊን በአሜሪካ በ250 ዶላር ገደማ ሲያወጣ፣ ፕሌይስቴሽን 3 እንደ ሃርድ ዲስኩ መጠን 500 ወይም 600 ዶላር ገደማ ነበር። የዊ ምስል ጥራት ከ480ፒ አያልፍም፤ ይህም ከኤችዲ በታች ነው፤ ኒንቴንዶ ያተኮረው መቆጣጠሪያው ላይ ነው። ዊ ስፖርትስ በተባለው የስፖርት ጌም ቴኒስ ውስጥ ገጸ ባህሪው ራሱ ወደ ኳሷ ይሮጣል፤ የተጫዋቹ ሥራ ሪሞቱን በሰዓቱ መወዝወዝ ብቻ ነው። እንደ ፕሌይስቴሽን መቆጣጠሪያ ሁለት ስቲክና ከአሥር በላይ ቁልፍ ማጥናት የለም። ዊ ከ100 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው በዋናነት በዚህ ይመስለኛል።

መስመሩ የቱ ጋ እንደሚሰመር ግን እንደ ሰዉ ይለያያል፤ አንድ ጌም ሁለቱንም ሊያስተናግድ ይችላል። የመኪና ውድድር ጌሙን ማሪዮ ካርት ዊን ውሰዱ፦ «አውቶማቲክ» የመረጠ የፍጥነት ቁልፉን ተጭኖ መሪውን ማዞር ይበቃዋል። «ማንዋል» የመረጠ ኩርባው ላይ መኪናውን አንሸራቶ የማንሸራተቻ ቁልፉን ሲለቅ ተጨማሪ ፍጥነት ያገኛል፤ ቶሎ ከለቀቀ ምንም የለም። ዲስኩም ኮንሶሉም ያው ነው።