ቴሌስኮፕ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ስለ ሰማይ ምልከታና ስለ ከዋክብት ፎቶ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዋናው ነገር ስንት እጥፍ ማጉላቱ ነው»

ካርቶኑ ላይ «675 እጥፍ» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበትን ቴሌስኮፕ እለፉት። ቁጥሩ የሚገኘው የቴሌስኮፑን የትኩረት ርዝመት (ከሌንሱ ወይም ከመስታወቱ ምስሉ እስከሚጠራበት ነጥብ ያለውን ርቀት) ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርዝመት በማካፈል ነው። 900 ሚሊ ሜትር ለ4 ሲካፈል 225 ይሆናል፤ ባለ 3 እጥፍ ባርሎው (ማጉላቱን የሚያባዛ ተጨማሪ ሌንስ) ሲጨመርበት 675። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ሲያዩበት ግን የሚገኘው ጨለም ያለ፣ የደበዘዘና የሚንቀጠቀጥ ምስል ነው።

የቴሌስኮፕን አቅም የሚወስነው የፊት ሌንሱ ወይም የመስታወቱ ስፋት ነው። ጠቃሚው ከፍተኛ ማጉያ በግምት በሚሊ ሜትር የተለካው ስፋት ሲባዛ በ2 ነው፦ ለባለ 70 ሚሊ ሜትር 140 እጥፍ አካባቢ። በትላልቆቹም ቢሆን የአየሩ መናወጥ ብዙ ሌሊት ከ200 እና 250 እጥፍ በላይ አያሳልፍም። የጁፒተር አራት ትልልቅ ጨረቃዎች በ30 እጥፍ፣ የሳተርን ቀለበት በ50 እጥፍ ይታያሉ። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ ስፋቱን ጠይቁት፤ ቀጥሎ መቆሚያውን በእጃችሁ ነካ አድርጉና መንቀጥቀጡ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ እዩ። በተመሳሳይ ገንዘብ ቀጭን እግር ካለው ይልቅ ባለ 130 ወይም ባለ 150 ሚሊ ሜትር ዶብሶኒያን (ሣጥን መሰል ቀላል መቆሚያ ላይ የሚዞር ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ) ይሻላል፤ ባለ 150ው ከባለ 70ው ከአራት እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። ገንዘቡ ካልደረሰ ደግሞ ባለ 10×50 (10 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ) ባይኖኩላር ከርካሽ ቴሌስኮፕ ይበልጣል።

«እንደ ፎቶው በቀለም ይታየኛል»

የኦርዮን ኔቡላ (በሕዋ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) በቴሌስኮፕ በዓይን ሲታይ ግራጫ፣ ቢበዛ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጭጋግ ነው። በደካማ ብርሃን የሚሠሩት የዓይን ሕዋሳት ቀለም አይለዩም፤ ካሜራ ግን ብርሃኑን ለደቂቃዎችና ለሰዓታት ያጠራቅማል። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል፤ ስልክ አንድ ጊዜ ከበራ እንደገና ከዜሮ ነው። ቀይ መብራት ተጠቀሙ፤ ደብዛዛውን ነገር በቀጥታ ከማፍጠጥ ከጎኑ እያያችሁ ተመልከቱት።

«ሙሉ ጨረቃ ለማየት ምርጡ ጊዜ ነው»

መጥፎው ጊዜ ነው። ብርሃኑ ከፊት ለፊት ስለሚመታት ጥላ የለም፤ ጉድጓዶቹና ተራሮቹ ጠፍጣፋ ይመስላሉ። ግማሽ ጨረቃ ስትሆን የብርሃኑንና የጨለማውን ድንበር ተከትላችሁ ተመልከቱ።

«ውድ ካሜራ ከሌለኝ የከዋክብት ፎቶ አይሆንልኝም»

ማንዋል ቅንብር ያለው ተራ ካሜራና የማይነቃነቅ ትራይፖድ ለፍኖተ ሐሊብ ይበቃል። መጀመሪያ ትኩረቱ፦ ሌንሱ ላይ ያለውን የ«ማለቂያ የለሽ» ምልክት አትመኑ፤ ደማቅ ኮከብ በላይቭ ቪው (በካሜራው ስክሪን ላይ በቀጥታ እያያችሁ) አጉልታችሁ ትንሿ ነጥብ እስክትሆን አስተካክሉ፤ ከዚያ ቀለበቱን በፕላስተር አስሩት። የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) ከ1600 እስከ 3200፣ ፋይሉ ሮው (ያልተጨመቀ ጥሬ ፋይል)፣ የ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ። የምስል ማረጋጊያውን አጥፉ፤ በትራይፖድ ላይ ራሱ ፎቶውን ሊያናውጥ ይችላል።

ከዋክብቱ መስመር ሳይሆኑ ለስንት ሰከንድ ይነሳ? የተለመደው ስሌት 500ን ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት ማካፈል ነው፦ ሙሉ ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ላይ በ24 ሚሊ ሜትር 20 ሰከንድ ገደማ። ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባዩ ክፍል) ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ ርዝመቱን በ1.5 አባዙ። እኛ ግን በ500 ፋንታ 300 እንመክራለን። የሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ በላይ ሰማይ ላይ የሚታሰበው መስመር) ለኢትዮጵያ አናት ላይ ሊደርስ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ከዋክብት በፍጥነት የሚንሸራተቱትም እዚያ ነው።

አንድ ፎቶ ብቻ አንስቶ መተውም ስሕተት ነው። 25 ፎቶ ሲደራረብ ኖይዙ (ፎቶውን የሚያበላሸው ነጠብጣብ) ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ካሜራው ራሱ የሚፈጥረውን ነጠብጣብ ለመቀነስ የሌንሱን ክዳን ገጥማችሁ በዚያው አይኤስኦና በዚያው የጊዜ ርዝመት 20 ያህል ጨለማ ፎቶዎችም አንሱ። ሲሪልና ዲፕ ስካይ ስታከር የተባሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች መደራረቡን በነጻ ይሠራሉ።

«መቆሚያውን በሰሜን ኮከብ ማስተካከል ቀላል ነው»

ኢኳቶሪያል መቆሚያ ከዋክብትን እየተከተለ እንዲዞር ዘንጉ በሰሜን ኮከብ አቅጣጫ መነጣጠር አለበት። ቀላል መሆኑ ለዋሽንግተን ነዋሪ እውነት ነው፤ እዚያ የሰሜን ኮከብ 39 ዲግሪ ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ 9 ዲግሪ ብቻ፣ ማለትም እጅ ተዘርግቶ ከአንድ ጭብጥ ያነሰ ነው። የእንጦጦ ሸንተረር፣ ሕንፃ ወይም የአድማስ ጭጋግ በቀላሉ ይሸፍነዋል። ከዚህ የባሰው፣ ብዙ ኢኳቶሪያል መቆሚያዎች ከ15 ወይም ከ20 ዲግሪ በታች አይወርዱም። ከመግዛታችሁ በፊት ዝቅተኛውን ዲግሪ አረጋግጡ። ጥቂት ዲግሪ ብቻ ከጎደለው አንዱን እግር ወደ ሰሜን አዙራችሁ አሳጥሩት፤ ትራይፖዱ ውኃ ልክ መሆኑ ግዴታ አይደለም።

ሰሜን ከተሸፈነ መንሸራተትን በማየት ይስተካከላል። አናት አካባቢ፣ በሰማይ ወገብ ላይ ያለ ኮከብ እየተከታተላችሁ ወደ ደቡብ ከሸሸ ዘንጉ ወደ ምሥራቅ ስቷል፤ ወደ ሰሜን ከሸሸ ወደ ምዕራብ። ከዚያ በምሥራቅ ዝቅ ያለ ኮከብ ምረጡ፦ ወደ ደቡብ ከሸሸ ዘንጉ ዝቅ ብሏል፣ ወደ ሰሜን ከሆነ ከፍ ብሏል። አድካሚ ነው፤ ለዓይን ምልከታ ብቻ ከሆነ ዶብሶኒያን ይህን ሁሉ አይጠይቅም። የሰሜን ኮከብ ዝቅ በማለቱ በምላሹ ታላቁን ድብና የደቡብ መስቀልን በሚያዝያና በግንቦት ምሽቶች በአንድ ሰማይ ላይ ታገኛላችሁ።

«ከተማ ውስጥ ምንም አይታይም»

የከተማ መብራት የሚያጠፋው ጋላክሲና ኔቡላን ነው። ጨረቃ፣ ፕላኔቶችና ጥንድ ከዋክብት ከሰገነት ላይም ይታያሉ።

«ፀሐይን በጠቆረ መስታወት ወይም በራጅ ፊልም ማየት ይቻላል»

በፍጹም። ብርሃኑ ቢቀንስም የማይታየው ጨረር ሊያልፍ ይችላል፤ ሬቲና ደግሞ ሕመም ስለማይሰማው ጉዳቱ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። ለፀሐይ የተሠራው ማጣሪያ ከቴሌስኮፑ ፊት ይገጠማል። በዓይን ሌንሱ ላይ የሚጠመዘዘው ትንሹ ማጣሪያ በሙቀት ሊሰነጠቅ ስለሚችል ጣሉት። የመፈለጊያውን ቱቦም (ዒላማ ለማግኘት ከጎን የተገጠመውን ትንሽ ቴሌስኮፕ) መሸፈን አትርሱ። የግርዶሽ መነጽር (አይኤስኦ 12312-2 የተባለውን የጥራት ደረጃ የሚያሟላ) ለባዶ ዓይን ብቻ ነው፤ አድርጋችሁት በባይኖኩላር አትመልከቱ።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ጅዳና መካ ሙሉ ግርዶሽ ያያሉ፤ እዚያ ያሉ ወገኖች ማጣሪያውን ማንሳት የሚችሉት ፀሐይ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነችባቸው ደቂቃዎች ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ግርዶሹ ከፊል ስለሆነ፣ የክረምቱ ደመና ቢገለጥም ማጣሪያው ለአንድ ሰከንድም አይነሳም።