«18 በመቶ» ሲባል ምን ማለት ነው?
«ሞርታዴላ የሚበላ ሰው 18 በመቶ ካንሰር ይይዘዋል» የሚለውን ደጋግማችሁ ስትጠይቁ አየሁ። እንደዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ያለው፣ በየቀኑ 50 ግራም እንደ ሞርታዴላ ያለ የተቀነባበረ ሥጋ (እንዲቆይ ወይም እንዲጣፍጥ በጨው፣ በጭስ ወይም በመሳሰሉት የተዘጋጀ)፣ መጠኑ አንድ ሆትዶግ ያህል፣ መብላት የአንጀት ካንሰርን ስጋት በ18 በመቶ ይጨምራል ነው። «ይጨምራል» የምትለዋን ያዙልኝ። ከምን ላይ ነው የሚጨምረው?

አሜሪካን እንውሰድ። እዚያ ከ100 ሰው 4 ያህሉን በሕይወት ዘመናቸው ይህ ካንሰር ይይዛቸዋል። የ4 18 በመቶ ደግሞ 0.7 ገደማ ነው። ስለዚህ 4 የነበረው 5 እንኳ አይሞላም፤ 22 ማ በፍጹም አይሆንም! መነሻው ቁጥር ግን ከአገር አገር፣ በዕድሜና በቤተሰብ ታሪክም ይለያያል።

ስጋት የለም እያልኩ አይደለም፣ አለ። በየቀኑ ለልጆቻችሁ ምሳ ዕቃ ሞርታዴላ የምትቋጥሩ ካላችሁ፣ እባካችሁ ቀነስ አድርጉት።