የመምህራን ቀን በሜክሲኮ

በሜክሲኮ የመምህራን ቀን የሚከበረው ሜይ 15 ነው፤ በእኛ ግንቦት 7 ማለት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዓለም የመምህራን ቀን የተደነገገው በ1994 በመሆኑ የሜክሲኮው በዓል ከ70 ዓመት በላይ ይቀድመዋል።

ሐሳቡን በ1917 ለምክር ቤት ያቀረቡት ቤኒቶ ራሚሬስ ጋርሲያ እና ኤንሪኬ ቪየስካ ሎባቶን የተባሉ የሕዝብ ተወካዮች ነበሩ። ፕሬዚዳንት ቬኑስቲያኖ ካራንሳ በዚያው ዓመት መጨረሻ አዋጁን አወጡ፤ በዓሉም በ1918 ለመጀመሪያ ጊዜ ተከበረ። አዋጁ በዕለቱ ትምህርት እንዲዘጋና የመምህሩን ክብር የሚያጎላ ዝግጅት በየትምህርት ቤቱ እንዲደረግ ያዝዛል። የአብዮቱ ጦርነት ገና ሳይበርድ፣ አዲሱ ሕገ መንግሥትም ዓመት ሳይሞላው ለመምህር ቀን መቁረጥ ታላቅ ውሳኔ ነበር።

ሜይ 15 የተመረጠበትን ምክንያት አንዳንዶች ከቅዱስ ዮሐንስ ላሳል ጋር ያያይዙታል። ይህ ግን አይሆንም፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ላሳልን የመምህራን ጠባቂ ቅዱስ ያሏቸው በ1950 ነው። ይበልጥ የሚያሳምነው በ1867 በዚያው ዕለት የኬሬታሮ ከተማ ለሪፐብሊኩ ጦር መውደቋና በፈረንሳይ ጦር ድጋፍ ሜክሲኮን ይገዙ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን መማረካቸው ነው። 1917 የዚህ ድል 50ኛ ዓመት ነበር።

ለበዓሉ ነፍስ የዘሩበት ግን የገጠር መምህራን ናቸው። በ1921 የሕዝብ ትምህርት ሚኒስቴር በሆሴ ባስኮንሴሎስ መሪነት ተቋቋመ። በ1922 የመጀመሪያው የገጠር መምህራን ማሠልጠኛ በሚቾአካን ግዛት ታካምባሮ ተከፈተ። በ1923 ደግሞ የመጀመሪያው «የባህል ተልዕኮ» የተባለ ተዘዋዋሪ የአሠልጣኞች ቡድን በሂዳልጎ ግዛት ወዳለችው ሳኩዋልቲፓን ወረደ። ተልዕኮው የአካባቢውን መምህራን ከማስተማር ዘዴ ጋር እርሻ፣ ሳሙና መሥራት፣ ቆዳ ማልፋት፣ መዝሙርና ክትባት መስጠት ያስተምር ነበር። እነዚህ መምህራን ከመንደርተኛው ጋር ትምህርት ቤት ሠሩ፤ ቀን ልጆችን፣ ማታ ወላጆችን አስተማሩ፤ ገበሬው መሬት እንዲያገኝ ማመልከቻ ጻፉለት። በ1934 የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ተሻሽሎ ትምህርት «ሶሻሊስታዊ» እንዲሆን ሲደነገግ ዋጋውን የከፈሉት እነሱ ናቸው። ለውጡን በተቃወሙ ታጣቂዎች በርካታ መምህራን ተገደሉ፤ ጆሯቸውን የተቆረጡም ነበሩ። የሟቾች ቁጥር ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል፤ መሥዋዕትነቱ ግን አያከራክርም።

ብሔራዊው የመምህራን ማኅበር በ1943 ተመሠረተ፤ ነፃ የመማሪያ መጻሕፍትም ከ1960 ጀምሮ መታደል ጀመሩ።

ዕለቱ ትምህርት የሚዘጋበት ስለሆነ የተማሪዎቹ ዝግጅት አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብሎ ይደረጋል። ልጆች «ላስ ማኛኒታስ» የተባለውን የልደት መዝሙር ለመምህሮቻቸው ይዘምራሉ፤ ግጥም ያነባሉ፤ የየአካባቢያቸውን ልብስ ለብሰው ይጨፍራሉ። ግቢው እንደ ጥልፍ በተቆራረጠ ባለቀለም ወረቀት ያሸበርቃል። እናቶች ከበርበሬ፣ ከቅመምና ከቸኮላት የሚሠራውን ሞሌ ከዶሮና ከሩዝ ጋር፣ እንዲሁም በበቆሎ ሽፋን ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስለውን ታማሌስ ይዘው ይመጣሉ። አበባና ቸኮላት የተለመዱ ስጦታዎች ናቸው። የማኅበሩ ቅርንጫፎችም ምሳ ይጋብዛሉ፤ ከቤት ዕቃ እስከ መኪና የሚደርስ ዕጣ ያወጣሉ። መምህሩ በዚያን ቀን ያለ ምንም ሥራ ተቀምጦ ይስተናገዳል፤ ይገባዋልም።

በአሜሪካ የመምህራን ምስጋና ሳምንት በሜይ መጀመሪያ ስለሚውል ወላጆች ለመምህራን የሜክሲኮ ምግብ ማዘጋጀታቸው የተለመደ ነው። እዚያ ልጅ የሚያሳድጉ አንባቢዎቻችን ሜይ 5ን ከዚህ በዓል ጋር እንዳያምታቱት፤ እሱ የ1862ቱ የፑዌብላ ድል መታሰቢያ ነው።

መንግሥት 40 ዓመት ላገለገሉ መምህራን የአልታሚራኖ ሜዳሊያ ይሰጣል። ኢግናሲዮ ማኑዌል አልታሚራኖ በ1834 በጌሬሮ ግዛት ቲክስትላ ከነባር ሕዝብ ወላጆች የተወለዱ መምህርና ደራሲ ነበሩ፤ በ1887 በዋና ከተማዋ ለተከፈተው የመምህራን ማሠልጠኛ መሠረት ከጣሉትም አንዱ ናቸው። 30 ዓመት ላገለገሉት የሚሰጠው ሜዳሊያ ደግሞ በገጠር ትምህርት አባትነት በሚታወቁት በራፋኤል ራሚሬስ የተሰየመ ነው።

ሜይ 15 የደመወዝ ጭማሪ የሚነገርበት ቀንም ሆኗል። በ2025 ፕሬዚዳንት ክላውዲያ ሼንባውም 9 በመቶ ጭማሪ አስታወቁ። በ1979 በቺያፓስ የተመሠረተውና ከዋናው ማኅበር የተለየ አቋም ያለው የመምህራን ማስተባበሪያ ግን የ2007ቱ የጡረታ ሕግ እንዲሻር ጠይቆ በዚያው ዕለት የሥራ ማቆም አድማ ጀመረ፤ መምህራኑም በዋና ከተማዋ ሶካሎ አደባባይ ድንኳን ተከሉ።