የታሪክ ፊልምን ለተመልካች ማድረስ፦ ስለ ምረቃ፣ ስለ ፌስቲቫልና ስለ ሽልማት የሚነገሩ ስሕተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ፊልም ተሠርቶ ሲያልቅ ባለቤቱ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «መቼ ይመረቃል?» ተብሎ ነው። ምረቃ ማለት ቀይ ምንጣፍ የሚነጠፍበት፣ ታዋቂ ተዋንያንና የክብር እንግዶች የሚገኙበት አንድ ምሽት ሲሆን ፊልሙም ከዚያ በኋላ በየሲኒማ ቤቱ ይታያል። ይህ ልማድ በአነስተኛ ወጪ ለሚሠራ የፍቅር ወይም አስቂኝ ፊልም ሊበቃ ይችላል። ያለፈ ዘመንን የሚተርክ ፊልም ግን ልብሱ፣ ቤቱ፣ የፈረሱ ዕቃና የጦር መሣሪያው ሁሉ የዘመኑን መልክ መያዝ ስላለበት ገንዘቡን በአንድ ከተማ አዳራሾች መመለስ ይከብደዋል፤ ስለዚህም የት፣ ለማንና በምን ቅደም ተከተል እንደሚታይ መወሰን ራሱ የፊልም ሥራው አካል ነው። በዚህ ረገድ በሙያው ውስጥ ባሉ ሰዎች ዘንድ እንኳ የሚደጋገሙ ስሕተቶች አሉ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«መጀመሪያ እዚህ ይመረቅ፤ ፌስቲቫሉ በኋላ ይደርሳል»

አይደርስም፤ ወይም ሲደርስ ትልቁ በር ተዘግቶ ይቆያል። የቬኒስ ፌስቲቫል ለዋናው ውድድሩ የሚፈልገው ከዚያ በፊት በየትም ቦታ ለሕዝብ ያልታየ ፊልም ነው። ካንና በርሊን በዚህ ረገድ ትንሽ ለቀቅ ይላሉ፤ በተሠራበት አገር ብቻ የታየን ፊልም ሊመለከቱት ይችላሉ። ችግሩ ግን የእኛ ልማድ በአገር ውስጥ ማሳያ አለመቆሙ ነው፤ ፊልሙ አዲስ አበባ በታየ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለው ወገን አዳራሽ ተከራይቶ ይታያል፣ ሳይቆይም ዩቲዩብ ላይ ይጫናል። ያ ሁሉ ሲሆን ፊልሙ ለእነዚህ ፌስቲቫሎች ያረጀ ሆኗል።

ቅደም ተከተሉ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት የዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» መመልከት ይበቃል። ከንጉሡ ዘመን ማብቂያ እስከ ደርግ የመጨረሻ ዓመታት ያለውን ጊዜ የሚተርከው ይህ ፊልም በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት አገኘ፤ በዚያው ዓመት ቱኒዚያ ውስጥ በካርቴጅ ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት፣ የወርቅ ታኒትን ወሰደ፤ በ2009 ደግሞ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ፣ ፌስፓኮ በተባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ ታላቁን የየኔንጋ ፈረስ ሽልማት አሸነፈ። ከ1969 ጀምሮ የኖረው ፌስፓኮ በሌላ ቦታ የታየን ፊልም ስለሚቀበል ከቬኒስ ወደ ዋጋዱጉ መሄድ ተችሏል፤ ጉዞው ከዋጋዱጉ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ግን የቬኒስ ውድድር ባልታሰበም ነበር።

ይህ ሲባል ፊልሙን ለማንም አታሳዩ ማለት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ትኬት ሳይሸጥ፣ በማስታወቂያ ሳይነገር፣ በጠባብ ክፍል ለአሥር ወይም ለሃያ ሰው ማሳየት እንደ ሕዝብ ማሳያ አይቆጠርም። ዘመኑን በዓይናቸው ያዩ አንድ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ የታሪክ መምህር ከእነዚያ ሰዎች መካከል ቢገኙ፣ አጥንት የሚያህል ስሕተት ሳይታረም አይወጣም።

«ሽልማት ካገኘ ተመልካቹ ራሱ ይመጣል»

እኔ እስከማውቀው ድረስ ብዙ ፊልም ሠሪን ለቅሬታ የዳረገው ይህ እምነት ነው። ለማረም ደግሞ አሁንም ወደ ኃይሌ ገሪማ እንመለስ። የአፍሪካውያንን የባርነት ዘመን የሚተርከው «ሳንኮፋ» በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ዋና ውድድር ውስጥ ቀርቧል። አንድ ፊልም ከዚህ የበለጠ ምን ይመኛል? ሆኖም አሜሪካ ውስጥ ለሲኒማ ቤቶች ሊያከፋፍለው የወደደ ኩባንያ አልተገኘም፤ የበርሊን ስም አከፋፋይን ማምጣት አልቻለም።

ያን ጊዜ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዳይሬክተሩ ከባለቤቱና ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት በቁርጥ ዋጋ ተከራየ። የዚህ አሠራር ስሌቱ ቀላል ነው፤ የአዳራሹ ባለቤት ኪራዩን ይወስዳል፣ የትኬቱ ገቢ ደግሞ ለፊልሙ ባለቤት ይሆናል፤ አዳራሹ ባዶ ከሆነም ኪሳራውን የሚሸከመው የፊልሙ ባለቤት ነው። ማስታወቂያ የሚነዛበት ገንዘብ ስላልነበረ ወሬው በጥቁር አሜሪካውያን ማኅበረሰብ መካከል ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፤ ወረፋው ረዘመ፤ ፊልሙ ለሳምንታት ታየ፤ ከዚያም በዚሁ መንገድ ከከተማ ወደ ከተማ ተዛወረ። በየከተማው ሥራውን የተሸከሙት ታሪኩ የእኛ ነው ያሉ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ፊልሙ ታድሶ በኔትፍሊክስ የቀረበው በ2021 ነው፤ ከበርሊን በኋላ 28 ዓመት መሆኑ ነው።

ታዲያ ፌስቲቫል ምን ይጠቅማል? ተቺዎች ይጽፋሉ፤ ገዢዎች ስሙን ይመዘግባሉ፤ የሌላ ፌስቲቫል መራጭ ዐይቶ ይጋብዛል። ይህ ሁሉ ግን ቶሎ የሚቀዘቅዝ ሙቀት ነው። ዳይሬክተሩ ወደ ፌስቲቫሉ ሲሄድ ቀጥሎ የሚያሳይበትን ከተማ፣ አዳራሹንና ተባባሪውን ማኅበር አስቀድሞ ካላዘጋጀ በስተቀር ዋንጫውን ይዞ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ከማስቀመጥ አያልፍም።

«ፌስቲቫል በበዛ ቁጥር ይሻላል»

በየወሩ የሚካሄዱ፣ አዳራሽም ተመልካችም የሌላቸው፣ የመመዝገቢያ ክፍያ ተቀብለው ፊልሙ መመረጡን ለማሳየት ፖስተር ላይ የሚለጠፍ የቅጠል ምልክት ብቻ የሚልኩ «ፌስቲቫሎች» ኢንተርኔቱን ሞልተውታል። ፖስተሩ በሃያ ቅጠል ያጌጠ ፊልም የሚያውቀውን መራጭ አያታልልም፤ የማያውቀውን ተመልካችም ሲኒማ ቤት አያስገባም።

«የእንግሊዝኛው ትርጉም የመጨረሻ ሳምንት ሥራ ነው»

የፌስቲቫል መራጭ ፊልሙን የሚያየው ብዙ ጊዜ ብቻውን ሆኖ፣ በኮምፒውተር፣ ከሥር የተጻፈውን እያነበበ ነው። አማርኛ ለማይሰማ ሰው ተዋናዩ የሚናገረው ያ ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ የፊልሙ የመጀመሪያ ማስታወቂያ ትርጉሙ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያለፈ ዘመን ፊልም ላይ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። አንድ ሰው በገበያ መካከል «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮኽ ባላጋራው እግሩን አንሥቶ መራመድ የማይችልበት ዘመን ነበር፤ ይህን «እባክህ ቁም» ብሎ የተረጎመ ሰው ትዕይንቱን ከነሕጉ አጥፍቶታል። ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ሲሄዱ፣ «ቁራኛ» የሚለውን ቃል «እስረኛ» ብሎ የመለሰውም እንዲሁ፤ ከሁለቱ አንዱ ከሳሽ መሆኑ ይጠፋል። ደጃዝማቹን በደፈናው «ጄኔራል» ማለትም ከዚህ የተሻለ አይደለም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን አጠራሩ ነው። አማች አማቱን ለዓመታት «አንቱ» ሲል ኖሮ በጠብ መካከል ድንገት «አንተ» ቢል፣ አማርኛ ተናጋሪው ተመልካች ትንፋሹን ይውጣል፤ እንግሊዝኛው ግን ሁለቱንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ ለውጡን አያሳይም። ተርጓሚው በዚያ ቦታ ማዕረጉን ትቶ ባዶ ስሙን እንዲያስጠራ ወይም ሌላ መላ እንዲፈልግ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። የሚያስገርመው፣ የፈረንሳይኛ ትርጉም ይህን ልዩነት ያለ ችግር ይይዘዋል፤ ወደ ካንም ሆነ ወደ ዋጋዱጉ የሚሄድ ፊልም የፈረንሳይኛውንም ቢያሠራ ወጪው በከንቱ አይቀርም።

«ታሪክ የሕዝብ ነው፤ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሰው የለም»

ስለ ዐድዋ ከሆነ ልክ ሊሆን ይችላል። ባለታሪኮቹ በሕይወት ካሉ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በ1990ዎቹ በተፈጸመ የጠለፋና የፍርድ ታሪክ ላይ የተመሠረተው «ድፍረት» በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫልና በበርሊን ፌስቲቫል ፓኖራማ በተባለው ክፍል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር መጀመሪያ አዲስ አበባ ሊመረቅ እንግዶች በተሰበሰቡበት ምሽት ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። በክርክሩ ማን ትክክል ነበር የሚለውን እዚህ መፍረድ አያስፈልግም። ውጭ አገር ያሉ ሁለት አዳራሾች ያጨበጨቡለት ፊልም በገዛ አገሩ መጋረጃው ሳይከፈት ሊቀር መቻሉን ማየት ይበቃል። የጽሑፍ ስምምነት ከቀረጻው በፊት የሚያስከፍለው ወጪ፣ በምረቃው ዋዜማ ከሚያስከፍለው ጋር አይነጻጸርም።

«ከፊልሙ በኋላ ያለው ውይይት ማሳመሪያ ነው»

ስለ ደርግ ዘመን የሚተርክ ፊልም ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ሲታይ ከተቀመጡት መካከል ወንድሙን በቀይ ሽብር ያጣ ሰው አለ፤ ከእሱ ሁለት ወንበር አለፍ ብሎ የሌላው ወገን ሰው ሊኖር ይችላል። መብራቱ ሲበራ ማይክሮፎኑን ማን እንደሚይዝ ያላሰበ አዘጋጅ፣ ምሽቱ የአርባ ዓመት ቂም መወራረጃ ሲሆን ቆሞ ከማየት በቀር አማራጭ የለውም። ዘመኑን የሚያውቅና ሁለቱም ወገኖች የሚያከብሩት አንድ አወያይ አስቀድሞ መለመን አለበት፤ ጥያቄውም ከስብከት እንዲለይ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ደቂቃ ይወሰን። በደንብ የተመራ ውይይት ሰዎቹን በማግሥቱ ልጆቻቸውን ይዘው እንዲመለሱ ያደርጋል፤ በቤታቸው ያልነገሯቸውን ፊልሙ ጀምሮላቸዋልና።

ቀኑም ቢሆን በዘፈቀደ አይመረጥም። የጣሊያንን ወረራ የሚተርክ ፊልም የካቲት 12 ወይም ሚያዝያ 27 ሰሞን ቢታይ ጋዜጠኛው ሳይለመን ይመጣል፤ ትምህርት ቤቱም ተማሪዎቹን ይልካል። ስለ ዐድዋ ለሚተርክ ግን አንድ እክል አለ፤ ፌስፓኮ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደው ብዙ ጊዜ በፌብሩዋሪ መጨረሻና በማርች መጀመሪያ ስለሆነ ከየካቲት 23 ጋር ይገጫጫል። በዚያ ሳምንት ዳይሬክተሩ ዋጋዱጉ ከሄደ አዲስ አበባ ላለው አዳራሽ ዋና ተዋናዩን መተው ይኖርበታል።