መድኃኒቱን የለመደው ማን ነው? የጀርሞች መድኃኒት መላመድ ሲባል ምን ማለት ነው?

“ሰውነቴ አሞክሳሲሊንን ለምዶታል፤ ከእንግዲህ ጠንከር ያለ ካልሆነ አያድነኝም።” እንዲህ ያለ አስተያየት ባነበብኩ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። ሰውነት አንቲባዮቲክን አይለምድም። መድኃኒቱን የሚቋቋመው ባክቴሪያው ነው። አንቲባዮቲክ ቀምሶ የማያውቅ ሰው እንኳ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በትንፋሽ ቢጋባበት፣ በሽታው ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ለተለመደው ሕክምና አይበገርም። የዚህ ሰው ሰውነት መቼ ለመደው? (የአስተያየት ሰጪው ሕመም ጉንፋን ከነበረ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ጉንፋን የቫይረስ በሽታ ነው፤ ቫይረስ አሞክሳሲሊን የሚያጠቃው የሕዋስ ግድግዳ የለውም።)

ይህን የተቀበሉትም ቢሆኑ “እሺ፣ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እያየ ይማራል” ይላሉ። አይማርም። ተመራማሪዎቹ ጆሹዋ እና አስቴር ሌደርበርግ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተሙት ሙከራ፣ መድኃኒት በሌለው ሳሕን ላይ ያደጉ ባክቴሪያዎችን በቬልቬት ጨርቅ አንስተው፣ አሰላለፋቸውን ሳያዛቡ ስትሬፕቶማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ባለበት ሳሕን ላይ አተሟቸው። ጥቂቶች በቀሉ። የበቀሉበትን ቦታ ይዘው ወደ መጀመሪያው ሳሕን ሲመለሱ፣ መድኃኒቱ ነክቷቸው የማያውቅ ተቋቋሚዎችን እዚያው ቦታ ላይ አገኙ።

አንቲባዮቲክ እንግዲህ ወንፊት ነው። ወንፊት ግርድ አይፈጥርም፤ የነበረውን ይለያል። ችግሩ ይህ ግርድ፣ ማለትም ተቋቋሚው ባክቴሪያ፣ ወንፊቱ ላይ ተቀምጦ መራባቱ ነው፤ ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ከተመቸው በ20 ደቂቃ ገደማ አንዱ ሁለት ይሆናል። ከዚያ የባሰም አለ፤ ፕላዝሚድ በሚባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት አማካይነት ግርድነቱን ገና ላልተነፋው ዱቄት ያድላል፣ ያውም ለሌላ ዝርያ ዱቄት። በማያስፈልግ ጊዜ አንቲባዮቲክ የሚውጥ ሰው አንጀቱ ውስጥ በሰላም የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ሁሉ ነው የሚነፋው።

የሙያ ባልደረቦቼ እንዳይወቅሱኝ ሁለት ነገር ልጨምር። ከወንፊቱ የተረፈ ሁሉ ተቋቋሚ አይደለም፤ መድኃኒቱ እስኪያልፍ እንቅስቃሴውን አቀዝቅዞ የሚቆይ ባክቴሪያ አለ፤ ልጆቹ ግን እንደ ወትሮው በመድኃኒቱ ይሞታሉ። ሌሎች ደግሞ መድኃኒቱ ሲደርስባቸው የሚያፈርሰውን ኢንዛይም በብዛት ማምረት ይጀምራሉ። ይህ መማር ይመስላል፤ ነገር ግን የኢንዛይሙ ዘረ መል ቀድሞም በውስጣቸው ነበር። ፔኒሲሊንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ተመራማሪዎቹ አብርሃም እና ቼይን የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1940፣ መድኃኒቱ በስፋት ለሕሙማን መሰጠት ከመጀመሩ በፊት ነው።