«ገበሬው የነገን አያስብም» ለሚሉ

ጅማ ዙሪያ ቡናው ገና ሳይቀላ፣ በክረምቱ ችግር ለነጋዴ በርካሽ የሚሸጥ ገበሬ አለ። ያረጀ ቡናውን መጎንደል (እንደ አዲስ እንዲያቆጠቁጥ ግንዱን መቁረጥ) ሲገባው ከዓመት ዓመት የሚያሳድርም ብዙ ነው። ይህን አይተን የምንሰጠው ፍርድ ግን ብዙ ጊዜ ስህተት ነው።

«አለመማር ነው።»
አይደለም። የሰው ዘር 300,000 ዓመት ገደማ ሲያስቆጥር፣ እርሻ ከጀመረ 12,000 ዓመት ቢሆነው ነው። ከዚያ በፊት አድኖና ለቅሞ ነበር የሚያድረው። ሥጋው ይበላሻል፣ ፍሬውን ሌላ ይቀድመዋል፣ እሱ ራሱም ከርሞን ላያይ ይችላል። በእጅ ያለውን ማስቀደም ያኔ ነፍስ ያተርፍ ነበር። ያ አእምሮ ዛሬም የሁላችን ነው፤ ዲግሪ ያለው ደመወዝተኛም ቁጠባውን «ከሚቀጥለው ወር» እያለ ያስተላልፋል።

«ከእንስሳ የሚለየን ትዕግሥታችን ነው።»
በ2007 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት፣ ብዙ ምግብ ለማግኘት በመጠበቅ ቺምፓንዚዎች ሰዎችን በልጠው ተገኝተዋል።

«ትዕግሥት ተፈጥሮ ነው፤ ያለው አለው፣ የሌለው የለውም።»
ከሁሉም የሚጎዳን ይሄኛው ነው። በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ሚሼል ለሕፃናት «ይህን ጣፋጭ ሳትበሉ ብትጠብቁ ሁለት ታገኛላችሁ» እያለ ያደረገው ሙከራ ብዙዎችን እዚህ ድምዳሜ ላይ አድርሷል። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የተመራማሪዋ ሰለስት ኪድ ጥናት ግን አንድ ነገር ጨመረበት። ከጣፋጩ በፊት ለልጆቹ የተሻለ የሥዕል ቀለም እንደሚመጣላቸው ተነገራቸው፤ ለግማሾቹ መጣ፣ ለግማሾቹ ቀረ። ቃሉ የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ የተታለሉት 3 ደቂቃ።

ወደ ጉንደላው ልመለስ። ግንዱ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ሰያፍ ተደርጎ ይቆረጣል። አዲሱ ቀንበጥ ደህና ምርት እስኪሰጥ ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል። በዚያ መሀል ልጆቹን ምን ያብላ? ብድር ይመጣል ተብሎ ከቀረበት፣ የሸጠበት ገንዘብ ወራት ከዘገየበት፣ አለመጎንደሉ ስሌት ነው። ሁሉን በአንዴ ሳይሆን በየዓመቱ ጥቂት ረድፍ ቢጎነድል፣ ክፍያውም በተባለው ቀን ቢደርሰው ግን ስሌቱ ይለወጣል።

«እንደ አገር አርቀን ማሰብ አንችልም።»
በ1971 (እ.ኤ.አ.) ለጋ ፍሬውን አጥቁሮ የሚያረግፈው የቡና በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። እዚሁ ጅማ፣ መልኮ ባለው የግብርና ምርምር ማዕከል ያሉ ተመራማሪዎች በሽታው ካልጣላቸው ዛፎች ዘር ሰብስበው፣ መርጠው፣ አሥር ዓመት ሳይሞላ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ለገበሬው ማከፋፈል ጀመሩ። ቡና ተተክሎ ለመጀመሪያ ፍሬ ሦስት አራት ዓመት እንደሚያስጠብቅ እያወቁ ነው የጀመሩት።